የኤግዚቢት አስታማሚ

ማንበብ የሚወድ ሰው በመንደር ውስጥ እንደ መሰላል ነው። ሁሉም ይዋሰዋል፣ ሁሉም ይረግጠዋል፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ዝናብ ላይ ይተዉታል። ይህን ስል እያማረርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ማን እንደሆንኩ እየነገርኳችሁ ነው። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ ያነበብኩ ሴት ነኝ። በርበሬ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፋ የምትመጣውን ስስ ወረቀት፣ የግብርና ሠራተኞች አድለው የሄዱትንና ሰዉ ሁሉ እሳት ያያያዘበትን ጥራዝ፣ አንዱንም አልማርኩም። ችግሩ ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ አይመጣም። አንዲት የሩቅ አገር ልዕልት ከባሏ ጋር ትታረቅ ትፋታ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ የወሬው ግማሽ ሚጥሚጣ ይዞ ሌላ ሰው ቤት ገብቷል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ መንደሩ አዋቂ አደረገኝ። የሕፃን ሽፍታ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ አልበቅል ያለ ጎመን፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። “ዘነቡ አንብባዋለች” ከተባለ ጉዳዩ አለቀ። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ደስ ይለኛል። ያላነበብኩትን እንኳ “አዎን፣ አይቼዋለሁ” የምልበት ቀን አለ። አዋቂ መባል እንደ ጠጅ ነው፤ ሁለተኛውን ብርሌ እምቢ ያለ ሰው አሳዩኝ።

ይህ አዋቂነቴ ነው እንግዲህ አምና የአንድ እስረኛ ተክል አስታማሚ ያደረገኝ።

መንደራችን ከቀየት ከተማ ብዙ አትርቅም፤ መንዝን የማያውቅ ሰው “ደጋ ናት” ብላችሁ ብትነግሩት ሹራብ ደርቦ ይመጣና በማግስቱ አፍንጫውን ይዞ ይመለሳል። እትዬ ወርቄ ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የጓሮ ክፍላቸውን እያከራዩ የሚኖሩ፣ ቀጭን፣ ቅዳሴ የማያመልጣቸው፣ ሰው ቤት እንኳ ቀና ብለው የማይቀመጡ ሴት። አምና ከክረምቱ በፊት ክፍሉን ለመንገድ ሠራተኞች አከራይተው ነበር። ሠራተኞቹ መንገዱን ጀመሩና እንደ ደንቡ ሳይጨርሱት ሄዱ። ከእነሱ የቀረው ሁለት የዘይት ጀሪካን፣ አንድ የግራ እግር ቦት ጫማ፣ እና ከማድ ቤቱ ኋላ፣ አመድ መድፊያው ጥግ ላይ፣ ማንም ሳይዘራው ብቅ ያለ ተክል ነበር።

ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ እጅ ጣት ጣት አለው። ጠርዙ መጋዝ ነው። ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀር ከባድ ሽታ ይሸታል። እትዬ ወርቄ የአበባ ዘር መስሏቸው፣ እግዜር የሰጠውን አልነቅልም ብለው ተዉት። እሱም ክረምቱን ጠጥቶ፣ የማድ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ፣ መስከረም ሲጠባ ከእትዬ ወርቄ በአንድ ክንድ በልጦ ቆመ።

ሳጅን ደምሴ የጠፋ በግ ፍለጋ መጣ። በጉን አላገኘም፤ ተክሉን አገኘ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ከቅጠል፣ ቅጠል ከፎቶ ሲያስተያይ ቆየና ፊቱ ተለዋወጠ።

“እትዬ ወርቄ፣ ይሄ እኮ ዕፀ ፋሪስ ነው።”

“የፋሪስ ከሆነማ መጥቶ ይንቀለው! እኔ ፋሪስ የሚባል ሰው አላውቅም።”

እናንተ ከተሜዎች ሀሺሽ የምትሉት መሆኑን ሲያስረዳቸው እትዬ ወርቄ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሳጅንም ደንግጦ ነበር፤ የእኛ ሰፈር ፖሊስ ከበግ ሌባና ከድንበር ጠብ ሌላ አያውቅም። ወዲያው ነቅሎ ሊገላገል ሲል አለቃው በስልክ ከለከለው። ኤግዚቢት ነው፤ ባለሙያ መጥቶ በዓይኑ ሳያየው፣ እንዴት እንደበቀለ ሳያረጋግጥ አይነካም፤ ከነሥሩ፣ ከነነፍሱ ይቆይ። ባለሙያው መቼ ይመጣል? ሲመጣ።

ነገሩን አያችሁት? እትዬ ወርቄን የሚያድናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለሙያው መጥቶ፣ ተክሉ አመድ ላይ በራሱ የወጣ እንጂ በእጃቸው የተዘራ አለመሆኑን ማየት። ለዚህ ደግሞ ተክሉ ቆሞ መጠበቅ አለበት። ከደረቀ “ማስረጃ አጠፉ” ተብለው ወኅኒ ይወርዳሉ። እኒህ ሴት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍሳቸው በአንድ ግንድ ላይ ተንጠለጠለች፤ ግንዱም ደግሞ ቆላ ወዶ ደጋ የበቀለ ሞኝ ግንድ ነው።

“ለሴትዮዋም ለተክሉም ዋስ የሚሆን?” አለ ሳጅን። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጫማ የሌለውም እግሩን አየ። ያን ጊዜ ጋሼ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሼ ተክሌ የመንደሩ የድንች ሊቅ ናቸው፤ እኔ ማንበቤ ከመታወቁ በፊት የጎመኑም ሊቅ ነበሩ፤ ያንን አልረሱልኝም።

“ዘነቡ አለች አይደለም እንዴ?” አሉ። “ስለ ተክል ያላነበበችው የለም።”

ሁለተኛውን ብርሌ ጠጣሁ። በአንድ ቀን የአንዲት ሴትና የአንድ ሀሺሽ ዋስ ሆንኩ።

በሳምንቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀርቶ መሐሉ እንደ ታመመ ሰው ዓይን ገረጣ። እትዬ ወርቄ በጠዋት መጥተው በሬን ደበደቡት፤ “ነፍሴ ልትወጣ ነው” ሲሉኝ የራሳቸውን ይሁን የተክሉን አለየልኝም። እኔ ግን አልደነገጥኩም። የግብርና ጥራዜ አለ። “የደጋ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣ አፈር ኖራ ወይም አመድ ይሻል” የሚል ገጽ አለው፤ ከስሩ የተቀደደ ቢሆንም። ኖራ ከየት ይመጣል? አመድ ግን ሞልቷል። ሁለት ቁና አመድ አምጥቼ፣ ሰዉ እያየኝ፣ እንደ ቄስ ዙሪያውን ነሰነስኩት። ጋሼ ተክሌ አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩኛል።

በሳምንቱ ይብስ ቢጫ ሆነ።

አሁን እናንተ ገብቷችኋል፤ እኔ ግን ለመግባት አሥራ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ተክሉ የበቀለው አመድ መድፊያ ላይ ነው! የዓመታት አመድ ጠጥቶ የጠገበን አፈር አመድ አጎረስኩት። ጥራዙ የተናገረው እውነት ነበር፤ የተናገረው ግን ስለ ገብስ ማሳው እንጂ ስለ እትዬ ወርቄ ማድ ቤት ኋላ አልነበረም። ወረቀት ጥሩ ነገር ነው፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፣ የት ቆማችሁ እንደምታነቡት አያውቅም።

ሰው በማያየኝ ሰዓት ተንበርክኬ አመዱን በእጄ ዛቅኩት። ከሥር ያለው ደግሞ ጥቁር፣ የተጠቀጠቀ፣ ውሃ ይዞ የማይለቅ ጭቃ ነው፤ ሥሩ ከላይ አመድ ከታች ኩሬ ሆኖበታል። ውሃው እንዲወርድ ቦይ አወጣሁለት። ከዚያ ለምግቡ አሰብኩ። ይህን ስትሰሙ ፍግ ትላላችሁ፤ ፍግ ግን የታለ? እኛ ደገኞች እንጨት የለንም፤ ኩበት እናነዳለን። መሬቱ ሊበላው የሚገባውን ከድስት ሥር እናቃጥለውና፣ መሬቱ ሲከሳብን “ዘንድሮ መሬቱ ምን ነካው?” እንላለን። እኔም ከምላሴ በቀር ከሰው አልለይም፤ የእኔም ቤት ግድግዳ ኩበት ተለጥፎበታል። ደግነቱ እትዬ ወርቄ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያልተነካ የበግ በረት አላቸው። ከዚያ ጥጉን ቆፍሬ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ፣ ሽታው የጠፋ አሮጌ አፈር አወጣሁና በዙሪያው አለበስኩት። በሦስተኛው ሳምንት ከጫፉ አዲስ ቅጠል ወጣ፤ አረንጓዴ። ሳጅን አርብ አርብ እየመጣ ተክሉ መኖሩን ያያል፤ ያን ዕለት ቆሞ ሲያየው ቆየና፣ “ዛሬ ፊቱ ደህና ነው” አለ። ስለ በሽተኛ ዘመዱ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ውርጭ ወረደ።

የእኛ አገር ውርጭ ጸሐይ ሳትወጣ ባቄላውን አጥቁሮ ይሄዳል፤ ዕፀ ፋሪስ የሚባል እንግዳማ ምን ይተርፈዋል? እትዬ ወርቄ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ለወኅኒ ቤት ብለው ጓዛቸውን በሩ ሥር አዘጋጅተው ነበር፤ ዳዊት፣ አንድ ስልቻ ቆሎ፣ እና ለሙሽርነታቸው የተሰጣቸው ባና። ባና ማለት ከበጋችን ጠጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው፤ ክብደቱ ሰው ተኝቶባችሁ ያደረ ያስመስላል እንጂ ሙቀቱ ሌላ ነው። ያንን ባና ከጓዛቸው ላይ አንስተው፣ አራት እንጨት ተክለው፣ ተክሉን አለበሱት። “እኔ ብሄድ በነጠላ አድራለሁ፤ እሱ ግን በሕይወት ካደረ አልሄድም” አሉኝ። ምን ልበላቸው? የባናውን ጫፍ ያዝኩላቸው።

ማታ ማልበሱ ባልከፋ። እሳቸው ግን ቀንም አላወልቅ አሉ። አንደኛ ብርዱን ፈርተው፤ ሁለተኛ አላፊ አግዳሚው እንዳያየው አፍረው። ተክሉ በረጠበ ጠጉር ውስጥ፣ ያለ ነፋስ፣ ያለ ጸሐይ፣ አራስ ሆኖ ከረመ። ኅዳር ሲገባ ባናውን ገልጠን ስናይ ቅጠሉ ሁሉ ነጭ ነው። ዱቄት የተነሰነሰበት፣ ወፍጮ ቤት ውሎ የመጣ ይመስላል።

እዚህ ላይ የተሠራውን ስሕተት ከመንዝ ሰው በቀር የሚሠራው የለም። ቆለኞች ብትሆኑ ሌላ ትጠረጥሩ ነበር። እኛ ግን ነጭ ነገር ቅጠል ላይ ስናይ የምናውቀው አንድ ነው፤ ውርጭ። ለውርጭ የምናውቀው መድኃኒትም አንድ ነው፤ ጠጉር። እና ምን አደረግን? ሁለተኛ ባና ደረብንበት። ጋሼ ተክሌ የራሳቸውን ባና ይዘው መጡ፤ የእትዬ ወርቄ ነገር አሳዝኗቸው፣ እኔን ለመብለጥም ጓጉተው። በነጋታው ዱቄቱ ግንዱ ላይ ወጣ። ሦስተኛ ባና ሊመጣ ሲል ነው አንድ ነገር ያሳሰበኝ። ጊዜው እኩለ ቀን ነው፣ ጸሐይዋ ጭንቅላት ትበሳለች፣ ነጩ ነገር ግን ቅጠሉ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ውርጭ በዚህ ጸሐይ ይቀልጣል። በጣቴ ጠረግኩት፤ አልቀዘቀዘኝም። አሸተትኩት፤ ረጥቦ የከረመ ልብስ ይሸታል።

“ይሄ ውርጭ አይደለም” አልኩ። “ሻጋታ ነው። አፍነን ያሳደግነው ሻጋታ።”

“እንጀራ ነው እንዴ የሚሻግተው?” አሉ ጋሼ ተክሌ።

ባናዎቹን ገፈፍኩ። እትዬ ወርቄ ዓይናቸው እያየ ሲገፈፍ፣ ልጃቸውን ዕርቃኑን ያስቀረሁባቸው ያህል አለቀሱ። ማታ ውርጩን ለመከላከል ባናው እንጨቱ ላይ እንዲጣል፣ ቅጠሉን እንዳይነካ፤ ጸሐይ ስትወጣ እንዲነሣ፤ ይህን አዘዝኩ። ከታች የተጨናነቀውንና በጣም የታመመውን ቅጠል ቆርጬ ነፋስ ላስገባለት ስል ግን ለአርቡ ጉብኝት የመጣው ሳጅን እጄን ያዘኝ።

“እትዬ ዘነቡ፣ ኤግዚቢት ሊቆርጡ ነው?”

“ኤግዚቢቱ እንዲድን ነው፣ አንተ!”

“ሕግ አለ።” አሰበ፣ አሰበና ፖስታ አመጣ። የቆረጥኩትን የሻገተ ቅጠል አንድ በአንድ ፖስታ ውስጥ አስገብቶ፣ አሽጎ፣ ማኅተም መታበት። ዛሬም ድረስ እዚያ ጣቢያ መሳቢያ ውስጥ የመንግሥት ማኅተም ያለው ሻጋታ ይኖራል።

የቀረው መድኃኒቱ ነበር። ስለ ዱባ በሽታ የሚያወራ ቁራጭ ጋዜጣ እንዳለኝ ትዝ አለኝ፤ ጨው ጠቅልዬበት ነበር። አንድ እጅ ወተት፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ጠዋት ጸሐይ ስትወጣ ቅጠሉን ላይና ታቹን ማራስ። የተክሉ ዘመድ ዱባ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አማራጭ የሌለው ሰው ዝምድና አይጠይቅም።

ግን ወተት! የነቢያት ጾም ገብቷል። እንዲያውም ይሄ ሳይሻል አልቀረም፤ ወተት የሚጠጣ ስለሌለ ሁሉም ቤት ጥቂት አይጠፋም። እትዬ ወርቄ ግን ሕሊናቸው ቆረቆራቸውና የነፍስ አባታቸውን ጠየቁ። “ለታመመ ይፈቀዳል” ተባሉ። የታመመው ማን እንደሆነ አልነገሯቸውም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንዷ በጣሳ፣ አንዷ በብርጭቆ፣ “ለእትዬ ወርቄ ነፍስ” እያለች ታመጣለች። እኔና እትዬ ወርቄ በንጹሕ ጨርቅ ቅጠሉን አንድ በአንድ እናጥባለን። በመንደራችን በዚያ ጾም የገደፈ ኤግዚቢቱ ብቻ ነው።

እያጠብን ሳለ አንድ ቀን እትዬ ወርቄ ቆም አሉና፣ “ዘነቡ፣ ይሄን ሁሉ ደክመሽ እንኳ ቢወስዱኝ፣ ቤቴን ቆልፈሽ ቁልፉን አንቺ ትይዢልኛለሽ?” አሉኝ። “እይዛለሁ” አልኳቸው፤ ቀልድ አልጨመርኩበትም። እኔ ቀልድ ያጣሁበትን ቀን በጣቴ መቁጠር እችላለሁ።

ነጩ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ገና ሲደርስ ተክሉ ጥርት ብሎ፣ አብረቅርቆ፣ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ፊቱ ወዝቶ ቆመ።

ባለሙያው ከጥምቀት በፊት መጣ። የለጋ ልጅ ፊት፣ ስስ ጫማ፣ ወፍራም መዝገብ። መንደሩ እንዳለ ማድ ቤቱን ከበበ። ልጁ ሥሩን ቆፍሮ አየ፣ አመዱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ጻፈ። ቀና ብሎም፣ “የወደቀ ዘር ነው፤ በራሱ የበቀለ ነው” አለ። እልልታ! እትዬ ወርቄ መሬቱን ሳሙ። ልጁ ግን ተክሉን እየዞረ ማየቱን አልተወም።

“በዚህ ብርድ እንዲህ ያማረ አላየሁም” አለ። “ማነው የተንከባከበው?”

“ዘነቡ!” አለ መንደሩ በአንድ አፍ። አፈሩን የቀየረችው ዘነቡ፤ ቦዩን ያወጣችው ዘነቡ፤ ወተቱን የቀመመችው ዘነቡ፤ ማንበብማ ከጀመረች ማን ይደርስባታል! እኔ ነጠላዬን እያስተካከልኩ “ኧረ እኔ ምን አደረግኩ” እላለሁ፤ ቀጥሉ በሚል ድምፅ። ልጁ ይጽፋል፣ ይጽፋል። ሦስተኛ ብርሌዬ ነበር።

“ጥሩ” አለ ልጁ ጽፎ ሲጨርስ። “እንግዲህ እማማ፣ ሕጉ የሚጠይቀው የዘራውን ብቻ አይደለም። ያለማውንም ነው። ያለሙት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?”

መጀመሪያ የተሰማኝ “እማማ” ያለኝ ነው፤ ሃምሳ እንኳ አልሞላኝም። ቀጥሎ ሌላው ተሰማኝ። ዞሬ ሳጅንን አየሁት።

“ያዘዝከን አንተ አይደለህም?”

“ጠብቁት አልኩ እንጂ …” አለ ሳጅን ላብ እያጠመቀው፣ “አልሙት የሚል ትእዛዝ አልደረሰኝም።”

ደብዳቤ የለኝም፣ ፊርማ የለኝም፣ ያለኝ የመንደር ምስክር ነው፤ እሱም አሁን ተመስክሮብኝ አልቋል። ያን ጊዜ ጋሼ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ማን፣ ልጄ? ይህቺ?” አሉ እየሳቁ። “ይህቺ እኮ ድንች ዘርታ ሣር ያጨደች ሴት ናት። እኛ እንዳይከፋት ብለን ነው የምናሞጋግሳት።”

“እውነት ነው” አለች ከተሰበሰቡት ሴቶች አንዷ ወዲያው። “ጎመኗን ትል ሲበላው ‘ጎመኑ ራሱ ነው የሚበሳሳው’ ብላናለች።”

“ነጭ ሽንኩርቱን ገልብጣ የተከለችውስ?” አለች ሌላዋ።

“ማንበብ ትችላለች ብላችሁኝ አልነበር?” አለ ልጁ።

“ጋዜጣ መያዝ ትወዳለች” አሉ ጋሼ ተክሌ። “በርበሬ ትጠቀልልበታለች።”

እያዳኑኝ መሆኑ ገብቶኛል፤ ሞኝ እንዳልመስላችሁ። ያልገባኝ ይህ ሁሉ ነገር ሳያስቡት እንዴት እንዲህ ቶሎ ቶሎ ሊመጣላቸው ቻለ የሚለው ነው። ነጭ ሽንኩርቱ እኮ የእውነት ነው! ማን ነገራት? በመጨረሻ እትዬ ወርቄ፣ እኒያ ነፍሳቸው በእጄ የነበረች እትዬ ወርቄ፣ አንገታቸውን አቀርቅረው፣ “ተክሉን የጠበቀው መድኃኔ ዓለም ነው፣ ልጄ” አሉ። “እሷማ አመድ ላይ አመድ ጨምራ ልትገድለው ነበር።” ከሁሉም ያመመኝ የእሳቸው ነው። ሐሰት ስለሌለበት።

ልጁ እኔን አየ፣ እነሱን አየ፣ የጻፈውን ሰረዘ። ናሙናውን ወሰደ፣ ሳጅን ተክሉን ነቀለው፣ ሊያቃጥለውም እሳት ለኮሰ። እዚህ ላይ የመንደሩ ሽማግሌዎች ጢሱን ስበው እስክስታ ወረዱ ብዬ እንድነግራችሁ የምትጠብቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዝናለሁ። ርጥብ ነበር፣ አልነደደም። ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ፤ እትዬ ወርቄ ባናቸውን አራግፈው ወደ ቤት አስገቡ፣ ዳዊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ሰቀሉ።

የቀረው ቃሌን መስጠት ነበር። ልጁ አዲስ ገጽ ላይ ጽፎ አነበበልኝ። “ተክሉ ምንም ዓይነት እንክብካቤ ሳይደረግለት ኖሯል። ነጩ በሽታ በዝናብ ብዛት መጥቶ በራሱ ጊዜ ጠፍቷል። ነዋሪዋ ስለ አፈርም ሆነ ስለ ተክል ዕውቀት የላቸውም።” በዝናብ ብዛት! ኅዳር ላይ ዝናብ! ከባናው መታፈን የመጣውን፣ በነፋስና በወተት የጠፋውን! ምላሴ ተነሣ። እትዬ ወርቄ ከኋላ ክንዴን ቆነጠጡኝ፤ ምላሴ ተቀመጠ።

“ይስማማሉ፣ እማማ?”

“አንተ ካልክ ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።”

እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። ሳጅን ደምሴ፣ ለእናቱ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ እኔ ሳነብላት ያደገው ሳጅን ደምሴ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተና ከፊቴ አስቀመጠው። ፊደልን ለብቻዬ፣ በጋዜጣ ቁራጭ፣ እሳት ዳር የቆጠርኩ ሴት፣ አውራ ጣቴን ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነክሬ ወረቀቱ ላይ ደፋሁት። ልጁ ቀጥ አድርጎ ሊይዝልኝ እጄን ያዘ። “እንዲህ ነው እማማ፣ አይፍሩ” አለኝ።

ቀለሙ ሦስት ቀን አልለቀቀም። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ተክሌ በሬ ላይ ቆሙ። በምንጭ ውሃ የሚያጠጡት አተር ቅጠሉ ነጭ ሆኗል፤ ውርጭ እንዳልሆነ ጠርጥረዋል፤ ያ ወተት ስንት በስንት ነበር?

አውራ ጣቴን አሳየኋቸው።